ማይክሮስኮፕ ሥር የገባ ምርቃት

ሰው አንድ ሥራ ላይ ሲቆይ መደንገጥ ያቆማል ይባላል። እኔ ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር የምገፋ ሰው ነኝ። ከአውሮፕላኑ በር ላይ «እግሬ አልታዘዝ አለኝ» ብለው እየቃተቱ የተቀበልኳቸው እናት፣ ልጃቸውን ከሩቅ ሲያዩ ብድግ ብለው ሮጠው፣ እኔ ባዶ ወንበር እየገፋሁ ተከትያቸዋለሁ። እኛ ገፊዎች ይሄን «የዴንቨር ፈውስ» እንለዋለን። ከዚህ ሁሉ በኋላ ማን በእውነት መራመድ እንዳቃተው፣ ማን ደግሞ ሰልፉን ለመዝለል እንደተቀመጠ በዓይኔ ብቻ እለያለሁ ብዬ እኮራ ነበር። መለየት ምን እንደሆነ ልጄ አሳየችኝና ክው አልኩ። እስካሁንም ድንጋጤው አልለቀቀኝም።

ልጄ ረድኤት ትባላለች። ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ ተወልዳ እዚሁ አደገች። ስትናደድ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ሲርባት አማርኛዋ እንደ ጎንደር ቄስ ይስተካከላል። ዴንቨር ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲ እየተማረች ነው። ሰው «ምንድን ነው የምትማረው?» ሲለኝ «ኤሌክትሪክ» እላለሁ። «ጎሽ፣ የቤቴ ሶኬት ተበላሽቷል፣ ላካት» ይለኛል። «አይ፣ ኤሌክትሪኩ ለሴል ነው» ስል ደግሞ «ታዲያ ነርስ ናት በለኛ» ይላል። ከብዙ ክርክር በኋላ ነርስ ናት እያልኩ መገላገል ጀመርኩ።

አንድ ቀን እራት ላይ ግን ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ብርጭቆ አለች። ብርጭቆዋ ላይ ሁለት ሚዶ ጥርስ ለጥርስ እንደተጠላለፉ ሆነው ቀጫጭን የወርቅ መስመሮች ተስለዋል። በመስመሮቹ ላይ እየተገለባበጠ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ትለቃለች። ከዚያ ሴሎች የሚዋኙበት አንድ ጠብታ ውሃ ከላይ ታደርጋለች። ሕያው የሆነው ሴል ወደ ወርቁ ጠርዝ ይሳባል፣ የሞተው አይሳብም።

«ማን ይነካቸዋል?» አልኳት።

«ማንም። ፊልዱ ብቻ ነው፤ በኤሌክትሪኩ ዙሪያ ያለው ኃይል።»

«እኔ የማውቀው ኤሌክትሪክ የነካውን ሲገድል ነው። ሕያው ሮጦ የሚሄድለት ኤሌክትሪክ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ዳዲ፣ ጣትን ሶኬት ውስጥ እንደመክተት አይደለም። በጣም ትንሽ ነው። አሁን በእርሾ ነው የምሞክረው፤ ከሱፐርማርኬት የሚገዛው የዳቦ እርሾ። በኋላ ግን በደም ውስጥ የታመመውን ሴል ከጤነኛው መለየት ነው ጎሉ።» ከዚያ ጣቷን አንስታ አስጠነቀቀችኝ፦ «ውሃው ግን የስኳር ውሃ ነው። ጨው የሚባል ነገር አይጠጋውም። ጨው ከገባ ሁሉም ነገር ይገለበጣል።»

ይህችን የጨው ነገር ያዙልኝ። እኔ አልያዝኳትም፣ መከራዬም የመጣው ከዚያ ነው።

ነገሩ ቀልድ ያልሆነበት ምክንያት ደግሞ ይሄ ነው። ፕሮፌሰሯ «አርብ ጠዋት መጥቼ አያለሁ፣ መለየቱን በዓይኔ ካላየሁ ይሄን ሥራ ዘግተን ሌላ ተማሪ የጀመረው ውስጥ ትገቢያለሽ» ብሏታል። ልጄ እንቅልፍ ያጣችበት፣ ልደቷን ላቦራቶሪ ውስጥ ያሳለፈችበት ነገር ሊዘጋ ነው ማለት ነው። ሐሙስ ማታ ሹካዋን ይዛ ምግቧን ስታገላብጥ አየሁ። እናቷ ስንዱም አይታለች። ስንዱ ደግሞ ያየችውን ዝም ብላ የምታልፍ ሴት አይደለችም።

«አባባ ይመርቋት» አለች።

አባባ ደምሴ የስንዱ አባት ናቸው። ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን መጥተው እኛ ጋ ናቸው። በነገራችን ላይ እሳቸውም በዊልቸር ነው የወጡት፤ የገፋኋቸው እኔ ነኝ፤ ስንዱን ሲያዩ የሆነውን አልነግራችሁም። ምርቃታቸው ግን የታወቀ ነው። እሳቸው መርቀውት መንጃ ፈቃድ ያገኘ ሰው አውቃለሁ፤ ፈታኙ ከዚያ በፊት በስሙ እስኪጠራው ድረስ የወደቀ ሰው ነው። ታዲያ አባባ ደምሴ ሲመርቁ እንደ ደንቡ ነው፤ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ቃሉን ያወርዱታል፣ መጨረሻ ላይ «እንትፍ፣ እንትፍ» ብለው ያትሙታል። ያላተሙት ምርቃት እሳቸው ዘንድ ምርቃት አይደለም።

ረድኤት ወንበሯ ላይ እንዳለች ጎንበስ ብላ ጠበቀች። አባባ ደምሴ ግን እጃቸውን አልዘረጉም።

«ያላየሁትን አልመርቅም» አሉ። «በግ ሲገዛ እንኳ ጥርሱ ይታያል።»

«ኖ» አለች ረድኤት። «ዳዲ፣ ፕሊስ ንገራቸው። ላቦራቶሪ እኮ ለቅሶ ቤት አይደለም፤ ሰው ዝም ብሎ አይገባም።»

ስንዱ ዓይኗን አፈጠጠች። በዚያ ዓይን ፊት እኔም ልጄም ቆመን አናውቅም። «ኦኬ» አለች ረድኤት በመጨረሻ፣ «ግን ምንም ነገር እንዳትነኩ። ፕሮሚስ አድርጉ።» ፕሮሚስ አደረግን። አባባ ደምሴም ቃላቸውን ሰጡ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ቃላቸውን ጠብቀዋል። በእጃቸው አንዳች ነገር አልነኩም።

አርብ ጠዋት ሆነ። አርብ ነውና አባባ ደምሴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። እኔ ደግሞ ቤንዚን ስሞላ ትኩስ ማኪያቶ ገዝቼ፣ በፔርሙስ አድርጌ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከጃኬቴ ሥር ቀብሬዋለሁ። አዎ፣ ከነወተቱ። አዎ፣ አርብ መሆኑን አውቃለሁ። እሱ እኔና የንስሐ አባቴ የምንነጋገርበት ጉዳይ ነው፣ እናንተ አትግቡበት። ብቻ እኔና አባባ ደምሴ የኮልፋክስን ጎዳና ይዘን ወደ ዴንቨር ስንነዳ፣ የወተቱ ሽታ እንዳይመጣ ብዬ በዚያ ብርድ መስኮት ከፍቼ ነዳሁ። አባባ ደምሴ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠቀለሉ። ለብርዱ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ላቦራቶሪው በር ላይ ነጭ ካፖርትና መነጽር ሰጡን። አባባ ደምሴ ነጠላዬን አላወልቅም ስላሉ ካፖርቱን ከላይ ደረቡት። ያ ሽበት፣ ያ ከዘራ፣ ያ መነጽር ተደምሮ የሕንፃው ኃላፊ መሰሉ። ኮሪደር ላይ ያገኘነው አንድ ተማሪ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ከወንበሩ ተነሳላቸው። እሳቸውም እጃቸውን አንስተው «ተቀመጥ ልጄ» አሉት፤ ተቀመጠ።

ፕሮፌሰሩ ገና አልመጣም ነበር። ረድኤት «እስኪመጣ አንዴ ልሞክረው» ብላ እርሾውና የስኳር ውሃው ካለባት ብልቃጥ በመምጠጫ አንድ ጠብታ መጥጣ ብርጭቆዋ ላይ አደረገች፣ ማይክሮስኮፑ ሥር ከተተቻት። ፊት ለፊታችን ያለው ስክሪን በራ። ክብ ክብ ነገሮች ተበትነው ይንሳፈፋሉ፤ ግማሾቹ ጥርት ያሉ፣ ግማሾቹ ሰማያዊ።

«ሰማያዊዎቹ የሞቱት ናቸው» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው። ቀቅዬ።»

አባባ ደምሴ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ከዚያ ቁልፉን ተጫነች። እመኑኝ፣ እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ጥርት ያሉት፣ ሕያዋኑ፣ ስማቸው የተጠራ ይመስል ከያሉበት ተነቅለው ወደ ወርቁ ጠርዝ መጉረፍ ጀመሩ። እየተከተሉ፣ እየተያያዙ፣ ጠርዙ ላይ ተሰለፉ። ሰማያዊዎቹ እዚያው የነበሩበት ቀሩ። የሚገፋ የለ፣ የሚጎትት የለ፣ ድምፅ የለ። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። እኔ አንድ ሰው ከተርሚናል ተርሚናል ለማድረስ ትከሻዬ ይገነጠላል፤ ይቺ ልጅ በአንድ ጣት ሺህ ነፍስ ታሰልፋለች።

አባባ ደምሴ አማተቡ። «በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ» አሉ በሹክሹክታ። «ይሄ እኮ የፍርድ ቀን ነው። ልጅቷ የፍርድ ቀንን ጥፍር አሳክላ ሠርታዋለች።»

ፕሮፌሰሩ የገባው ይሄኔ ነው። ረጅም ሰው ነው፣ ትሑት፣ ግን ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ። ጨበጠን። አባባ ደምሴ እጁን እንደያዙ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አገሩ ወዴት እንደሆነ፣ እናቱ በሕይወት እንዳሉ፣ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ጠየቁት። እኔ «ደህና ነህ ወይ ይሉሃል» ብዬ ተረጎምኩ። «ደህና ነኝ» አለ። «ይሄን ሁሉ ጠይቄው በአንድ ቃል?» ብለው አባባ ደምሴ አዘኑለት።

ረድኤት ብርጭቆዋን ቀይራ፣ ብልቃጧን ከፍታ በእጇ ይዛ፣ አዲሱን ጠብታ ልትመጥ ስትል አባባ ደምሴ ከዘራቸውን አስደግፈው ወደ እሷ ተጠጉ።

«አሁን አየሁ» አሉ። «አሁን እመርቃለሁ።»

ልጄ እንግሊዝኛዋ ይብዛ እንጂ አስተዳደጓ የስንዱ ነው። አያቷ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ፕሮፌሰር ይቁም ንጉሥ፣ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ደፋች። ብልቃጧ ግን ክዳኗ እንደተከፈተ አገጯ ሥር ቆመች።

«ያሰብሽው ይሙላልሽ። ክፉ ዓይን አያግኝሽ። የለየሽው ይለይልሽ፣ የያዝሽው ይባረክልሽ። እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ።»

አንዲቱ ጠብታ በመብራቱ ብልጭ ብላ ቀጥታ ብልቃጧ ውስጥ ገባች። ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ። ረድኤት ዓይኗ ተጨፍኗል፣ አባባ ደምሴ ወደ ሰማይ አንጋጠዋል። ፕሮፌሰሩ ሲተፉ እንጂ ምራቁ የት እንዳረፈ አላየም።

«ደህና ናቸው?» አለኝ በእንግሊዝኛ ደንግጦ።

አሁን ይሄን ለፈረንጅ በአንድ ቃል እንዴት ታስረዱታላችሁ? «ጉንፋን ይዟቸዋል» አልኩ። ፕሮፌሰሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ ከመሳቢያ ማስክ አውጥቶ በአክብሮት ሰጣቸው። አባባ ደምሴ ስጦታ መስሏቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አመስግነው አጠለቁት።

በዚህ መሃል እኔ በቁሜ እየተቃጠልኩ ነው። ምራቅ ጨው አለው። ጨው ከገባ ሁሉም ይገለበጣል ብላኛለች። ልናገር? አማቴን፣ ያን የሚያህሉ ሽማግሌ፣ ፈረንጅ ፊት «ሥራዋ ውስጥ ተፉበት» ብዬ ላዋርዳቸው? ዝም ልበል? የልጄ ልፋት ዓይኔ እያየ ይዘጋ? ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ምላሴን ያዘው። ትንሽ ጠብታ ናት፣ ምን ታመጣለች ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ረድኤት ጠብታውን አደረገች፣ ቁልፉን ተጫነች።

ሕያዋኑ ሸሹ። ቅድም እየሮጡ የተሰለፉበትን ወርቅ እሳት ይመስል ጥለውት ወደ መሃል ፈረጠጡ። በዚያ ላይ በመሃላቸው ግዙፍ ግዙፍ፣ ስስ፣ እንደ ቂጣ የተዘረጉ ነገሮች እየተንሳፈፉ መጡ፤ እርሾዎቹ አጠገባቸው የጤፍ ፍሬ አከሉ። እነዚያ እንግዲህ ከአባባ ደምሴ ጉንጭ የመጡ ሴሎች ናቸው። ያኔ አላወቅንም። ረድኤት ፊቷ አመድ መሰለ። ሽቦውን ነካካች፣ አጠፋች፣ አበራች። እንደገና ሸሹ። ፕሮፌሰሩ ሰዓቱን አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «ረድኤት፣ ብዙ እንደለፋሽ አውቃለሁ» ብሎ ጀመረ። ሰው እንዲህ ብሎ ሲጀምር መጨረሻው ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ስክሪኑን ታያለች።

በቃኝ። «ምራቅ ነው» አልኩ በእንግሊዝኛ፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ።

«የምን ምራቅ?» አለ ፕሮፌሰሩ።

«የአያቷ። ብልቃጡ ውስጥ ገብቷል። ለበረከት ነው። ጉንፋን የለባቸውም፣ ዋሽቼ ነው።»

አባባ ደምሴ ከማስኩ ሥር «ምን አልከው?» አሉኝ።

«ምርቃትዎ ደርሷል አልኩት» አልኳቸው። ይሄ እንኳ ውሸት አልነበረም።

ረድኤት ዞራ አየችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ግን ወደ ስክሪኑ ዞራ፣ ግዙፎቹን ቂጣዎች በጣቷ እያሳየች፣ ለፕሮፌሰሩ በዚያ ፈጣን እንግሊዝኛዋ ታወርደዋለች። እኔ የያዝኩት «ጨው» የሚለውን ብቻ ነው። በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ እርሾዎቹ ቅድም የተሰለፉት ወርቁ ላይ ስለተጣበቁ ወይ ውሃው ስለወሰዳቸው ሳይሆን በፊልዱ ብቻ መሆኑን ፕሮፌሰሩ ሁልጊዜ ይጠራጠር ነበር። በንጹሑ የስኳር ውሃ መጥተው፣ ጨው ሲገባ ከሸሹ ግን ጥርጣሬው አለቀለት። የገፋቸውም የጠራቸውም ፊልዱ ነው ማለት ነው።

ፕሮፌሰሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሰዓቱን ማየት ተወ። «በንጹሑ አሳዪኝ» አላት። ከፍሪጅ ሌላ ብልቃጥ አውጥታ አሳየችው፤ መጥተው ተሰለፉ። «አሁን እዚሁ ብልቃጥ ውስጥ ምራቅ ጨምረሽ ድገሚልኝ» አላት።

አባባ ደምሴ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው ሞከሩ። ምንም የለም። ከትናንት ጀምሮ ውሃ ያልነካው አፍ የነበረችውን ሁሉ ጨርሷል። «ደርቋል» አሉ። «ምርቃት ደግሞ ቧንቧ አይደለም።» ረድኤት ራሷ ልትተፋ ብልቃጧን ወደ አፏ ስታስጠጋ ግን ቱግ አሉ።

«ሰው ራሱን ይመርቃል እንዴ? አባቷ እዚህ ቆሞ?» ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «አንተ። ና መርቃት።»

እኔ ሰው መርቄ አላውቅም። ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ ከእኔ የሚበልጥ ሰው አለ፤ የእኔ ድርሻ አሜን ማለት ነው። በዚያ ላይ በድንጋጤ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል። «አንዴ አፌን ላርጥብ» ብዬ ኮሪደር ወጣሁ። ውሃ ፈለግኩ፣ አጣሁ። እጄ በራሱ ፈቃድ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ፔርሙሷን አወጣ። ጨለጥኳት።

ተመለስኩ። ልጄ አንገቷን ደፋች። እጄን ስዘረጋ አናቷ ላይ ሁለት ሽበት አየሁ። የእኔ ልጅ ሸብታለች፣ እኔ ደግሞ አንድ ቀን መርቄያት አላውቅም።

«ልጄ» አልኩ። «እኔ የምትሠሪው አይገባኝም። አምላክ ግን ይገባዋል። ፊትሽ ያለውን እሾህ ያንሳልሽ። የደከምሽበትን አይንሳሽ። ስምሽ በደግ ይነሣ።» ከዚያ «እንትፍ» አልኩ፣ ብልቃጧ ውስጥ።

«አሜን» አለች ረድኤት። በአማርኛ።

ጠብታው ተደረገ፣ ቁልፉ ተነካ፣ ሕያዋኑ ፈረጠጡ። ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። ሥራው አይዘጋም፣ ይቀጥላል፤ እንዲያውም ሁለቱ ቪዲዮ ጎን ለጎን ሆኖ ሰኞ ለሁሉም ይታይ አለ። ረድኤት ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆመች። እኔ እንባዬ መነጽሩን አደበዘዘው።

መነጽሩን ጠርጌ ስመለስ አባባ ደምሴ ስክሪኑ ሥር ቆመው በከዘራቸው እያመለከቱ ነው። «እነዚህስ?» አሉ። አየሁ። ጥቃቅን፣ ክብ፣ የሚያብረቀርቁ እንክብሎች፣ ቅድም ያልነበሩ፣ ለብቻቸው በመሃል ሰልፍ ይዘዋል። ከእርሾም አይደሉ፣ ከቂጣዎቹም አይደሉ። ረድኤት አጎንብሳ አየቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ዳዲ» አለች በሹክሹክታ፣ በእንግሊዝኛ። «ይሄ ፋት ነው። የወተት ቅባት።»

ደሜ ቀጥ አለ። አርብ። አማቴ ፊት። ያን በሚያህል ስክሪን ላይ፣ ማሽኑ ኃጢአቴን ከሌላው ለይቶ አሰልፎታል።

«ምንድን ናቸው ልጄ?» አሉ አባባ ደምሴ እንደገና።

ረድኤት እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። ይቺ ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ እውነትን እንደ ድንጋይ የምትወረውር ናት፤ ለእንግዳ «ለምን አትሄዱም?» ብላ የጠየቀች ናት።

«አረፋ ነው አባባ» አለች። «ዝም ብሎ አረፋ።»

በድንጋጤ ፈዝዤ አየኋት። ይሉኝታ ውቅያኖስ አይሻገርም ያለው ማነው?

ስንመለስ ኮልፋክስ ላይ መብራት ያዘን። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ማሞቂያው በርቷል፣ እኔ ለማዜም ምንም አልቀረኝም። አባባ ደምሴ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ።

«ጥሩ ማሽን ነው» አሉ። «ልጅቷም ጎበዝ ናት። እንዳንተው እሷም ሰው ማዋረድ አትወድም።»

ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ አንስተው አቀበሉኝ።

«ጢምህ ላይ አረፋ ቀርቷል። ስንዱ ሳታይህ ጥረገው።»